ከኮፈን ስር የሚኖር ፕላስቲክ

እንደምን ዋላችሁ።

ኮፈን ስትከፍቱ ከሞተሩ በላይ ጉብ ብሎ የሚታያችሁ ጥቁር ፕላስቲክ አለ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሱ ነው። ስለ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ብረት፣ ክዳን አይደለም፤ ጋራዥ ውስጥ "ከቨሩን አንሳው" ስለምንለው ነው።

ይሄ ከቨር እኛ አገር ዕድሜው አጭር ነው። መኪናው ጋራዥ በገባ ቁጥር ይነሳል። አንዴ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይረሳል። ሌላ ጊዜ አንዱ ጆሮው ይሰበርና በሽቦ ይታሰራል። በመጨረሻ ባለቤቱ "ያለ እሱም ይሄዳል" ይልና ይተወዋል። ልክ ነው፤ ያለ እሱም ይሄዳል። ከቨር ጉልበት አይጨምርም፣ ቤንዚን አይቆጥብም። ሥራው ቤንዚን የሚረጨውን የኢንጀክተሩን ቲክ ቲክ ማፈን፣ ኮይሎቹ ላይ አቧራና ውሃ እንዳይወርድ መከለል፣ የቀረው ማማር ነው። ማማሩን ደግሞ አትናቁት። መኪና የሚሸጥ ሰው ኮፈን ሲከፍት ገዢው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልለይላችሁ። በአንዳንድ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ከላይ የተቀመጠው ፕላስቲክ ከቨር ይመስላል እንጂ የአየር ማጣሪያው ሳጥን ነው። እሱን ዛሬ በማሳያችሁ የቤት ውስጥ ዘዴ ለመተካት አትሞክሩ። አየር በጎን ከሳበ ሞተሩ አቧራ ይበላል።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ፣ እጃችን ላይ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት የምንይዛቸው ናቸው። ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ከቨር መፈለግ ይቻላል። ችግሩ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የሌላ ዓመት ሞዴል ነው፤ ወይ ቀዳዳው አይገጥም፣ ወይ የዲፕስቲኩ ቦታ ይለያል። እንግዲህ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል ወይ? ይቻላል። ቫኪዩም ፎርሚንግ የሚባለው ዘዴ ከባድ አይደለም፤ ዝርግ ፕላስቲክ አሙቆ ሞልድ በሚባል ቅርጽ ላይ ማልበስና ከስሩ አየሩን መሳብ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለልጆች መጫወቻ አድርጎ ሸጦታል፤ ልጁ ትንሽ ፕላስቲክ ያሞቃል፣ በእጁ ፓምፕ ይስባል፣ መኪና ወይም ጀልባ ይወጣለታል። እቤታችሁ ያለው ፍሪጅም ነጩ የውስጥ ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ መንገድ ነው የተሠራው።

ፎርሚንጉ ቀላል ነው። ከባዱ የወጣው ነገር ከኮፈን ስር መኖር መቻሉ ነው። ስለዚህ ሥራውን ከቴርሞሜትር ጀምሩ እላለሁ። ፕላስቲክ ከመግዛታችሁ በፊት፣ ሞልድ ከመቅረጻችሁ በፊት።

እንዴት እንደሚለካ ላሳያችሁ። ከመልቲሜትር ጋር የሚሸጠውን ቀጭን የሙቀት ሽቦ ውሰዱ። ከቨሩ ይቀመጥበታል ባላችሁት ቦታ ላይ፣ ብረት ሳይነካ፣ በአየር ላይ እንዲንጠለጠል አድርጋችሁ እሰሩት። ሌላኛውን ጫፍ በመስኮት ወደ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ መኪናውን ወደ እንጦጦ አስወጡት። ዳገቱን ስትጨርሱ ቁሙና ሞተሩን አጥፉ። ኮፈኑን አትክፈቱ። 10 ወይም 15 ደቂቃ ቁጥሩን እያያችሁ ጠብቁ። ሙቀቱ የሚያይለው ያኔ ነው። ነፋስ የለም፣ የራዲያተሩ ውሃ አይዞርም፣ ጭስ ከሞተሩ የሚወጣበት ማኒፎልድና ቴስታታው የያዙት ሙቀት ግን ወደ ላይ ይወጣል። ያያችሁትን ከፍተኛ ቁጥር ጻፉት። ፕላስቲኩን የምትመርጡት በእሱ ነው።

ሽጉጥ የሚመስለውን ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ አትደግኑት፤ ከእውነተኛው ያነሰ ያሳያችኋል። ጥቁር ቴፕ ለጥፋችሁ ቴፑን ለኩ።

ለምን ይሄን ያህል አጠበቅሁት? የሞተሩ ውሃ ራሱ በደህናው ቀን 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቤት ውስጥ ለመሥራት ሁሉም ሰው የሚመርጠው ፕላስቲክ ኤቢኤስ ነው፤ እሱ 105 ዲግሪ አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይለሰልሳል፣ ጭነት ካለበት ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ከ90 እስከ 100 ባለው ውስጥ መጉበጥ ይጀምራል። በመሀል ያለውን ክፍተት እዩት። ጠባብ ነው።

ፋብሪካው ይህን ያውቃል። ኦሪጅናል ከቨር ካላችሁ ገልብጡትና ከስሩ በሁለት ቀስት መካከል የተጻፈውን አንብቡ። ብዙዎቹ ላይ "ፒኤ6-ጂኤፍ30" ወይም የዚህ ዘመድ የሆነ ነገር ታገኛላችሁ። ናይለን ነው፣ ውስጡ 30 በመቶ የመስታወት ክር ያለበት። ይሄ ናይለን የሚቀልጠው 220 ዲግሪ ላይ ነው። ግን በብረት ሞልድ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ተወግቶ የሚሠራ ስለሆነ እኛ ቤት አይሠራም። ለእኛ የቀረልን ዝርግ ፕላስቲክ፣ ሺት የምንለው ነው።

በእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። የለካችሁት ከ75 ዲግሪ በታች ከሆነ ኤቢኤስ በቂ ነው። ከ75 እስከ 100 ከሆነ ፖሊካርቦኔት ፈልጉ፤ እሱ እስከ 130 ዲግሪ አካባቢ ቅርጹን ይይዛል። ከዚያ በላይ ከሆነ ፕላስቲኩን ተዉትና ላሜራ ቤት ሂዱ። ማስታወቂያ ሠሪዎች ጋ በብዛት የምታገኙት አክሪሊክና ፒቪሲ ፎም ነው፤ ሁለቱም ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ፒቪሲን በተለይ በጭራሽ አታሙቁ። ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ አሲድ ነው፤ ሳንባም ብረትም ይበላል።

አሁን ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ልጨምር። በዚህ ዘዴ የተሠራ ፕላስቲክ ትዝታ አለው። ዝርግ እንደነበረ አይረሳም። እንደገና ካሞቃችሁት ወደ ዝርግነቱ ሊመለስ ይሞክራል። ማየት ከፈለጋችሁ ምናለሽ ተራ ከተጣለ ፍሪጅ ግድግዳ ላይ አንድ ማዕዘን ቁረጡ፤ ከጀርባው የተጣበቀውን ፎም በደንብ ፍቁ፣ ከዚያ ውጭ ላይ በሙቅ አየር አሙቁት። ሰው ሳይነካው ማዕዘኑ እየተዘረጋ ይመጣል። ከኮፈን ስርም የሚሆነው ይኸው ነው። ከቨሩ አይቀልጥም፤ በሳምንታት ውስጥ ጎኑ እየተከፈተ፣ ጆሮው እየተነሳ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚሸሸው በጣም የተለጠጠው ማዕዘን ነው።

ሞልዱ ወደሚቀመጥበት፣ አየሩ ወደሚሳብበት ሳጥን እንምጣ። ቫኪዩም ፎርሚንግ ይስባል እንላለን እንጂ የሚገፋው ከላይ ያለው አየር ነው። ከሺቱ ስር ያለውን አየር ስናወጣው የላይኛው ተጭኖ ከሞልዱ ጋር ያጣብቀዋል። እንግዲህ የላይኛው አየር ምን ያህል ይገፋል? በግፊት መለኪያው በኪሎ ፓስካል ስናየው፣ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ላይ 101 ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ አካባቢ ስለተቀመጠች 77 አካባቢ ነው ያለን። ድሬዳዋ ዝቅ ስለምትል 88 አካባቢ ታገኛለች። ፈረንጆች በቪዲዮ የሚያሳዩአችሁ ሰዎች አብዛኞቹ ባሕር ወለል አጠገብ ናቸው። በእነሱ ቁጥር የሸገር ሰው ሲሠራ ማዕዘኑ አልይዝ ቢለው አይገረም፤ ከጉልበቱ ሩብ የሚሆነው ከመጀመሪያውም የለውም።

በኪሎ እናስላው። 40 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ከቨር 1,200 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። አየሩን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ብንችል አዲስ አበባ ላይ 940 ኪሎ ያህል ይጫነዋል። ጅቡቲ ላይ 1,240 ይሆን ነበር። የቤት ቫኪዩም ክሊነር ግን ሙሉ በሙሉ አያወጣም። ባሕር ወለል ላይ 20 ኪሎ ፓስካል ያህል የሚስበው ማሽን፣ እኛ ጋ አየሩ ስለሳሳ 15 ግድም ነው የሚስበው። ወደ ኪሎ ስንቀይረው 180 ነው። ለስላሳና ክብ ለሆነ ቅርጽ ይበቃል። ጽሑፍ ያለበት፣ ሹል መስመር ያለበት ከቨር ከፈለጋችሁ አይበቃም።

መፍትሔው ታንክ ነው። አሮጌ የቦይለር ታንክ፣ 50 ሊትር የሚይዝ፣ ያልዛገ። በፍሪጅ ኮምፕረሰር ቀስ ብላችሁ አየሩን ታወጣላችሁ። ኮምፕረሰሩ ይዘገያል፤ ይዘግይ፣ ጊዜ አለን። ታንኩ ውስጥ 10 ኪሎ ፓስካል ሲቀር በኮምፕረሰሩ በኩል ያለውን ቫልቭ ዝጉ። ከሞልዱ ስር ያለው ሳጥን 10 ሊትር አየር አለው እንበል። ሺቱ ሲለሰልስ በታንኩና በሳጥኑ መካከል ያለውን ቫልቭ ባንዴ ስትከፍቱ ሁለቱ አየር ይቀላቀልና ሳጥኑ ውስጥ ያለው ከ77 ወደ 21 ይወርዳል። ልዩነቱ 56 ነው፣ ወደ 680 ኪሎ ማለት ነው። ከቫኪዩም ክሊነሩ አራት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። ሁሉም በአንድ አፍታ ያልቃል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የፍሪጁ ኮምፕረሰር ላይ "አር600ኤ" የሚል ካያችሁ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፤ ራሳችሁ አትቁረጡት፣ የፍሪጅ ጠጋኝ ያውርድላችሁ። ታንኩም ፕላስቲክ ወይም ብርጭቆ አይሁን፤ ወደ ውስጥ ይፈርሳል። ሳጥኑን 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ አድርጉትና ከውስጥ መሀሉ ላይ ድጋፍ ትከሉ። መቶ ኪሎዎችን የምትጭኑበት ነገር መሆኑን አትርሱ። ስንጥቁን ሁሉ በሲሊኮን ድፈኑ።

ማሞቂያ ላይ ብዙ አልቆይም። የእንጀራ ምጣድ ሬዚስታንስ ሽቦ ገበያ ላይ አለ። ሙቀት በሚችል ሸክላ ላይ ጠርዙን ጠበቅ፣ መሀሉን ሳሳ አድርጎ መዘርጋት ነው፤ ጠርዝ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ። 3.5 ኪሎ ዋት ከሆነ 16 አምፒር ይጎትታል። ስለዚህ ለብቻው መስመርና ብሬከር ይኑረው፣ ብረቱም ኧርዝ ይደረግ። ይሄን ኤሌክትሪሻን ይሥራላችሁ። በሳሎን ሶኬት አትሞክሩት።

ሞልዱ ግን ጊዜ ይገባዋል። ሞተሩ ላይ ካርቶን አስቀምጡና የዘይት መሙያውን፣ የዲፕስቲኩን፣ ኦሪጅናሉ የሚቀመጥባቸውን ኳስ የሚመስሉ ቡሎኖች ቦታ ምልክት አድርጉ። ጎማዎቹን ከተሰበረ ከቨር ላይ መንቀል ይቻላል። ከፍታውን ለማወቅ የልጆች ፕላስቲሊን ተጠቀሙ። ድብልብል አድርጋችሁ ሞተሩ ላይ እዚህም እዚያም አስቀምጡ፣ ኮፈኑን ቀስ ብላችሁ ዝጉት፣ ክፈቱት። የተጨፈለቀው ፕላስቲሊን ውፍረት ያላችሁ ቦታ ነው። ከእሱ 2 ሳንቲ ሜትር ቀንሱ። ሞተር ቤንዚን ሲሰጡት ይናጣል፤ ከቨሩ ከኮፈኑ ጋር ሲጋጭ የሚሰማው ድምፅ ያበሳጫል።

በጭስ ማኒፎልዱ በኩል ያለውን ጎን አሳጥሩት። ብዙዎቹ የቪትዝና የኮሮላ 1ኤንዜድ ሞተሮች ላይ ማኒፎልዱ በጀርባ በኩል፣ ሞተሩን ከሹፌሩ በሚለየው ግድግዳ አቅጣጫ ነው። ከቨሩ እዚያ ድረስ እንዳይሄድ። ማማሩ ትንሽ ቢቀንስ ይቀንስ።

ሞልዱን ከኤምዲኤፍ ደራርባችሁ ቅረጹት፣ በስቱኮ ሙሉት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ጄሶም ይሆናል፣ ግን በደንብ መድረቅ አለበት፤ ውስጡ እርጥበት ካለ ሙቁ ሺት ሲያርፍበት በእንፋሎት ይሰነጠቃል። ጎኖቹ ቀጥ ብለው አይቁሙ። 8 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው፣ ጎኑ ከታች ወደ ላይ 7 ሚሊ ያህል ወደ ውስጥ ይዘንብል። አለበለዚያ ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ሞልዱን አንቆ ይይዛል። ኤቢኤስ በ40 ሳንቲ ሜትር ላይ 2 ሚሊ ያህል ያጥራል፤ የቡሎኖቹን ርቀት ስትለኩ ይሄን አስቡት። ጎድጎድ ያለ ቦታ ሁሉ፣ ፊደልም ካለ በፊደሉ ጥግ፣ በ1 ሚሊ መሰርሰሪያ ይበሳ። አየሩ የሚወጣበት ካጣ እዚያ ቦታ አረፋ ሆኖ ይቀራል።

ውፍረቱንም ልንገራችሁ። 46 በ36 የሆነ 3 ሚሊ ሺት ክፈፍ ላይ አስራችሁ፣ 40 በ30 የሆነ፣ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሞልድ ላይ ብታለብሱት በአማካይ 1.8 ሚሊ ግድም ይሆናል። አማካይ ነው ያልኩት። አናቱ ቀድሞ ሞልዱን ስለሚነካ ቀዝቅዞ ወፍራም ሆኖ ይቀራል። የታችኛው ማዕዘን የቀረውን ተካፍሎ ከ1 ሚሊ በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ማዕዘን ሁሉ ክብ ይሁን። ሹል ማዕዘን የሚያምረው ወረቀት ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅጽበት። ሺቱን ቀድማችሁ አድርቁት። ኤቢኤስ በ80 ዲግሪ ከ2 እስከ 4 ሰዓት፤ ፖሊካርቦኔት በ120 ዲግሪ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ከዚያ ክፈፉ ላይ ዙሪያውን በሞርሳ አጥብቃችሁ ማሞቂያው ስር አስገቡት። ደቂቃ አትቁጠሩ፤ ቮልቴጁ በወጣ በወረደ ቁጥር ደቂቃው ይለያያል። ሺቱን እዩት። መጀመሪያ ምንም አይሆንም። ቀጥሎ ይሸበሸባል፣ መሀሉ ይወዛወዛል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ደረሰ" ብሎ ያወርደዋል። አልደረሰም። ትንሽ ስትታገሱ ሽብሽቡ ይጠፋል፤ እንደገና ጥብቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ነው መሀሉ እንደ ርጥብ ፎጣ ቀስ እያለ መርገብ የሚጀምረው። 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ሲረግብ ጊዜው ነው። ፊቱ ላይ አረፋ ከወጣ ወይ በደንብ አልደረቀም፣ ወይ አሳልፋችሁታል። ማጨስ ከጀመረ ግን ማሞቂያውን አጥፉና ራቁ፣ ያን ጭስ አትተንፍሱት። ሥራው በረንዳ ወይም ግቢ ውስጥ ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

ክፈፉን በሁለት እጅ፣ ሳታጣምሙ፣ ሞልዱ ላይ ባንዴ ወደ ታች። ቫልቩን ክፈቱ። ጠብ ይላል ድምፁ። ጥግ ላይ እንደ ክንፍ የታጠፈ ነገር ከተፈጠረ ሞልዱ ረዝሟል ወይ ሺቱ ሰፍቷል። በየማዕዘኑ አጠገብ ትንሽ እንጨት አስቀምጡና ድገሙት። እጅ የሚችለው ሙቀት ሲደርስ አውጡት። ቶሎ ካወጣችሁት ይጣመማል፣ በጣም ካቆያችሁት ሞልዱን ይይዛል።

ለመቁረጥ አንድ ዘዴ አለ። የከተር ምላጭ በአንድ እንጨት ላይ በምትፈልጉት ከፍታ እሰሩ። ከቨሩን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና እንጨቱን ዙሪያውን አስጠጉት፤ ደጋግማችሁ ስትዞሩ እኩል መስመር ይወጣል። በግራይንደር ከቆረጣችሁት ጠርዙ ቀልጦ ይጨማደዳል።

መኪናው ላይ ከማሰራችሁ በፊት ሞክሩት። የለካችሁት ከፍተኛ ሙቀት ላይ 20 ዲግሪ ጨምሩና ከተቆረጠው ትራፊ፣ በተለይ ከተለጠጠው ጎን፣ ምግብ በማይሠራበት ኦቨን ውስጥ ለጥቂት ሰዓት አቆዩት። ቀድሞ ዙሪያውን በእርሳስ ወረቀት ላይ ሳሉት። ሲወጣ ከሥዕሉ ጋር ካልገጠመ ያ ፕላስቲክ ለዚያ ሞተር አይሆንም። ከስሩ የአሉሚኒየም ሙቀት መከላከያ መለጠፍ ይረዳል፤ ስፖንጅ ግን አትለጥፉ። ዘይት ይጠጣና ለእሳት ምቹ ይሆናል። ኤቢኤስ ራሱ ከተያዘ በደንብ ነው የሚነደው። ቤንዚንና የፍሬን ዘይትም ኤቢኤስንም ፖሊካርቦኔትንም ስለሚሰነጥቁ፣ መካኒኩ ከቨሩን በቤንዚን እንዳያጥበው ንገሩት።

እዚያ ጥግ ያሉት አባት "ፋይበር ግላስ አይሻልም ወይ?" ብለዋል። ጋሼ፣ አንድ ከቨር ብቻ ከሆነ የሚፈለገው፣ ይሻላል። ክሩ ቅርጹን ይይዛል፣ ወደ ዝርግነት አይመለስም። የሬዚኑን የሙቀት አቅም ብቻ ይጠይቁ። ሳጥንና ታንክ መሥራት የሚያዋጣው አንድ ዓይነት ከቨር ለብዙ መኪና ለሚሠራ ጋራዥ ነው። ሞልዱ አንዴ ካለቀ፣ እያንዳንዱ ከቨር የሚጠይቀው ሺትና ትንሽ ሙቀት ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪናም ተጠይቄያለሁ። እዚያ ማኒፎልድ የለም፣ ስለዚህ ኤቢኤስ ከነዳጅ መኪናው ይልቅ ይመቸዋል። የቮልስዋገኑ የኤሌክትሪክ መኪና አይዲ.4 ከፊት ኮፈኑ ስር ዕቃ ማስቀመጫ የለውም፤ በላዩ የሚገጠም ክዳንና ትሪ የሚሠሩ ሰዎች ውጭ አገር አሉ፣ እዚህም የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውሃና የመስታወት ማጠቢያ ክዳኖች ሳይነሱ የሚከፈቱ ይሁኑ። ብርቱካናማውን ገመድ ግን አትንኩ። ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። ገመዱን የያዘውን ቡሎን ለከቨር ማሰሪያ ልዋሰው አትበሉ፣ በአጠገቡም ትራፓኖ አታስገቡ። ልኬቱን ከላይ በካርቶን ውሰዱ፣ ማሰሪያውን የፋብሪካው ፕላስቲክ ክሊፕ ላይ አድርጉ።

ማሞቂያው ቀልቷል። ጓንት ያላችሁ ሁለት ሰዎች ክፈፉን ያዙልኝ፤ ሌሎቻችሁ ከሽቦው አንድ እርምጃ ራቅ በሉና ሽብሽቡን ተመልከቱ።